ቀለሙ የቀናባት ወንበር

የደሴው ዳይሬክተር ቀለሙ በዝናብ የሚቀና ሰው ነው። እውነቴን ነው! ገና በትምህርት ቤት ክበብ ቲያትር ማዘጋጀት የጀመረ ጊዜ፣ አዳራሹ የቆርቆሮ ነበርና፣ ዶፉ ሲለቀው ተመልካቹ ሁሉ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። ቀለሙ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ፣ «እዩልኝ! አንድ ቀን ሳይለማመድ መጥቶ ሰዉን ሁሉ ወሰደብኝ!» አለ።

ከዚያ ወዲህ ያልቀናበት ነገር የለም። ተዋናይ ከተጨበጨበለት በማግስቱ ንግግሩን ይቆርጥበታል። ቲያትሩ አላበላው ብሎ ሰርግ ይቀርጽ በነበረበት ዘመን ደግሞ በሙሽራው ይቀና ነበር። «ምን ሠርቶ ነው ሰው ሁሉ እሱን የሚያየው?» እያለ ካሜራውን ወደ ሚዜዎቹ ያዞራል። አንድ የኩታበር ቤተሰብ የሰርጉን ፊልም ሲያይ ሙሽራው ጠፍቶበት፣ «ያገባው ሚዜው ነው እንዴ?» እስከመባባል ደርሷል። በኋላ የራሱን ፊልም ሠራ፣ ከፊልሙ ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ፣ ይኸው ዛሬ ተከታታይ ድራማ ያዘጋጃል። እኔ በሥራዎቹ ሁሉ ጎረቤት ሆኜ የምተውን ነኝ። ለቅሶ ሲሆን እደርሳለሁ፣ ጠብ ሲነሳ እገላግላለሁ። የምጽፈውንም ሁሉ እዚያው ቆሜ ያየሁት ነው።

እናት የሚሆኑት ሁልጊዜ እትዬ ኡሙሰልማ ናቸው። ሰኞ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ መድረክ ላይ ሲያለቅሱ ግን እስከ መጨረሻው ወንበር ይሰማል። ለቅሶውን ያስጠናቸው ቀለሙ ነው። ቀለሙ ማንንም በቃል አያዝም። ራሱ ተነስቶ፣ ነጠላ አጣፍቶ፣ ደረቱን እየደቃ እናት ሆኖ ያሳይና «እንደዚህ!» ይላል። እሳቸውም እንደዚያው ያደርጋሉ።

ነገሩ የመጣው የድራማው የዚያ ዓመት የመጨረሻ ክፍል ሊቀረጽ ሲል ነው። የቴሌቪዥኑ ሰዎች፣ መጨረሻው ልብ ካልነካ ድራማው እዚሁ ላይ ይቆማል ብለውታል። መጨረሻው ደግሞ ልጅ ቤቱን ጥሎ ሲሄድ የእናት ስንብት ነው። በዚያው ሳምንት ሱዓድ ለፊልሟ ምርቃት ጠራችው። ሱዓድ ረዳቱ ሆና ሥራውን ከሱ የተማረች፣ አሁን ኮምቦልቻ ላይ የራሷን ፊልም የሠራች ናት። እናት አድርጋ ያሠራችው ማንን ይመስላችኋል? እትዬ ኡሙሰልማን!

«አልሄድም» ሲል ሰንብቶ ቅዳሜ ከኔ ቀድሞ መናኸሪያ ተገኘ። የሀረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ እየወረድን፣ «ሱዓድ እኮ መብራት አታውቅም» ይለኛል። አዳራሽ ከገባንም በኋላ ጆሮዬን አልለቀቀኝም። «ይሄ ረዘመ። ያ ልብስ ከቅድሙ ጋር አይሄድም። አየህ? አየህ?» ደስታው ልክ የለውም!

ከዚያ ያ ትዕይንት መጣ። ለዓመታት የጠፋው ልጅ ቤት ገባ። እትዬ ኡሙሰልማ አላለቀሱም፤ አላቀፉትምም። አንዲት ወንበር ሳብ አደረጉና በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጓት። ወንበሯ ንጹሕ ናት። ደግመው ጠረጓት። ልጁ ሊቀመጥ ሲል በእጃቸው አስቆሙትና አሁንም ጠረጓት። ወደ ቀለሙ ዞር ብል አፉ ተዘግቷል፣ መንጋጋው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ሱዓድ በር ላይ ጠበቀችን። «ጋሽ ቀለሙ፣ እንዴት አገኙት?»

«ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው። የወንበሯ ቦታ ላይ ድምፁ ትንሽ…»

«እዚያ ቦታ ድምፅ የለም እኮ፣ ጋሼ።»

«እሱን ነው የምልሽ!»

ሀረጎን ስንወጣ ፈነዳ። «እንዴት ያንን ከኔ ደብቀው ለሷ ይሰጣሉ? እኔ አይደለሁም ለዚህ ያበቃኋቸው?»

ሾፌሩ በመስታወቱ አየውና፣ «የሚስት ነገር ነው፣ ጋሼ? አብሽር፣ ትመለሳለች» አለው።

ቀረጻው ደሴ ላይ በተከራየነው ቤት ተጀመረ። ቀለሙ ወንበር ተሸክሞ መጣ!

«እትዬ፣ ልጁ ሊወጣ ሲል ይህችን ጥርግ ጥርግ ያደርጓታል።»

እትዬ ኡሙሰልማ ወንበሯን አዩ፣ እሱን አዩ። «የሚሄድ ሰው ወንበር ምን ያደርግለታል?»

«ለኮምቦልቻ ሲሆን ይጠርጋሉ!»

«አንተ ልጅ፣ ወላሂ ቀንተሃል!»

ካሜራ የያዘው አሚር ሳቁን ሊደብቅ አንገቱን ደፋ።

«አልቀናሁም! ብቻ… ምን ብላ አሠራችዎት?»

«ምንም አላለችኝ። ‹ልጅዎ ቢመጣ ምን ያደርጋሉ?› አለችኝና ተቀመጠች። አንተ መቼ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? እኔ ገና ሳልነሳ አልቅሰህ ትጨርሰዋለህ።»

ቀለሙ ሊያሳያቸው ደረቱ ድረስ ያነሳውን እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። በመጨረሻ ያመጣት ወንበር ላይ ተቀመጠና ሁለቱንም እጆቹን ጭኖቹ ሥር ከተታቸው። «እሺ» አለ። «ልጅዎ ቢሄድ… ምን ያደርጋሉ?»

«ካሜራህን አስነሳ» አሉት።

ልጁን የሚሠራው የሱፍ የሚባል ተዋናይ ነው፤ ሻንጣውን አንስቶ በሩ ጋ ሲደርስ አንድ እግር ጫማው የለም። አልጋ ሥር አየ፣ ከሣጥኑ ኋላ አየ። የምር ነበር የሚፈልገው፤ ማን ነግሮት! እትዬ ኡሙሰልማ ግድግዳውን ተደግፈው ዝም ብለው ያዩታል። ቀና ሲል የጫማው አፍንጫ ከሻርፓቸው ሥር ብቅ ብሏል። እጁን ዘረጋ። እሳቸው ጫማውን ወደ ደረታቸው ጠበቅ አደረጉት። ቆዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እግሩ ሥር አስቀመጡለት።

«ካት» የሚል ጠፋ። እኔ እንኳ በዚያ ሰዓት ገብቼ «ልጄ፣ አትሂድ» ማለት ነበረብኝ። ከደጅ እንደቆምኩ ቀረሁ። ቀለሙ እጆቹን እንደቀበረ ወንበሩ ላይ ነው፣ ጉንጩ ረጥቧል። ሲነሳ መጀመሪያ ያለው፣ «ይህችን ለሱዓድ እንዳይነግሩብኝ» ነው።

ክፍሉ በታየ ማግስት የቴሌቪዥኑ ሰዎች ደውለው «ቀጥል» አሉት። እሱ ግን እኔ ጋ እየመጣ፣ «ሱዓድ አየችው? ምን አለች?» ይለኛል። ማታውን ደወለችልኝ።

«ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አለች ሱዓድ። «የጫማው ቦታ ላይ ድምፁ ትንሽ…»

ሄጄ ቃል በቃል ነገርኩት። ዘሎ አቀፈኝ፣ ግንባሬን ሳመኝ፤ «ድገምልኝ» አለኝ፤ ደገምኩለት።