ደረጃ ላይ ያገኘሁት የአራስ ገንፎ

የዚህ ነገር ባለቤቶች አራት ነን። አንደኛው እኔ ታደሰ ነኝ፤ አውቶቡስ እነዳለሁ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ዘነበች ናት። ሦስተኛዋ ያኔ አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጃችን ሰብለ ናት። አራተኛዋ ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት እትዬ አስናቀች ናቸው። ጊዜው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው፤ እዚህ ለንደን ያለነው ሰዎች ስለ ምርጫው መከራከር ገና አላቆምንም ነበር። ዛሬም ሆሎዌይ ሰፈር ያለውን የቤታችንን ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ።

ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የማውቀውን ከመጽሐፍ ነው የለቀምኩት። በሥነ ምግባር ጉዳይ ግን ቀልድ አላውቅም። ከቅዳሴ በኋላ ወላጆች ሻይ ሲጠጡ፣ «ልጅ የሚበላሸው ወላጅ ሲላላ ነው፤ የኔ ልጅ ሳታገባ ብትወልድ ደጄን አትረግጥም» እያልኩ እናገር ነበር።

አንድ ዓርብ ኤድመንተን ሰፈር ወንድሜ ቤት አድሬ ከዚያው ሥራ ገባሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስመለስ እትዬ አስናቀች በፎጣ የተሸፈነ ሳህን ይዘው ደረጃውን ቀስ እያሉ ሲወጡ አገኘኋቸው። ላግዛቸው ስጠጋ የቅቤና የበርበሬ ሽታ አወደኝ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አሉኝ።

«ማንን?»

«እንግዲህ ታደሰ፣ ከኔም ትደብቃለህ? ከትናንት ጀምሮ ሕፃኑ ሲያለቅስ እየሰማሁ ነው። ጠዋትም ሰብለ አቅፋው ስትወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ሰፊ ካፖርት አላወልቅ ስትል ድሮም ጠርጥሬ ነበር።»

ወዲያው ከቤቴ በር ጀርባ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እሳቸውም አጠገቤ ተቀመጡ።

«ስማኝ» አሉ። «ብትጮህባት ከኔ ጋር ነው የምንጣላው። እኔ በሷ ዕድሜ ወልጄ ከትምህርት ቤት ቀርቻለሁ። እሷ አትቀርም። ቀን ቀን ሕፃኑን እኔ እይዘዋለሁ። አንተ ዝም ብለህ አያትነትህን ተቀበል።»

ለሰው ሁሉ ስናገረው የኖርኩት ንግግር አፌ ላይ ነበር። በሩን ስከፍት ግን ሰብለ ዓይኗ ቀልቶ፣ ጸጉሯ ተንጨባሮ፣ ጥቅልሉን አቅፋ ቆማለች።

«በልተሻል?» ነው ያልኳት።

«አባዬ፣ ፕሊስ ቀስ በል፤ አሁን ነው ዝም ያለው!»

እትዬ አስናቀች ግን አላስቻላቸውም፤ እልልታቸውን አቀለጡት። ሕፃኑ እንደገና አለቀሰ። ሰብለ ተበሳጭታ ገለበጠችውና ጀርባው ላይ ቁልፍ ሰካች። ጸጥ አለ።

«ባትሪ ነው እኮ!» አለች።

ዘነበች ከወጥ ቤት ወጥታ እኔንም ሳህኑንም አየችና እየሳቀች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ነገሩ የትምህርት ቤት ነበር። በልጅነት ስለ መውለድ ሲማሩ፣ ምን እንደሚመስል እንዲያዩት ተማሪዎቹ በየተራ ይህን እንደ ሕፃን የሚያለቅስ አሻንጉሊት ለቅዳሜና እሁድ ቤት ይወስዱታል።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ብንነግርህ ትምህርት ቤት ሄደህ ትጨቃጨቃለህ» አለች ሰብለ። እውነቷን ነው፤ እጨቃጨቅ ነበር።

ገንፎው ሳይቀዘቅዝ ከበብነው። ሰብለ የሠራችውን ግራፍ አመጣች። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አገር መርጦ ነበር፤ የሷ ትንሿ የደሴት አገር ሞሪሸስ ናት። በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚወልዱትን ሴቶች የሚያሳየው መስመር ድሮ ላይ ከፍ ብሎ ይጀምርና፣ አልፎ አልፎ እየተንገዳገደም ቢሆን፣ ወደ ዛሬ ሲመጣ ይወርዳል።

«ለምን ወረደ?» አልኩ፤ መልሱን የማውቅ መስሎኝ።

«ምክንያቱ ብዙ ነው። ክሊኒክ አለ። ሴቶቹም ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት ይቆያሉ።»

«የአባቶች ቁጣስ?»

«አባቶች ግራፉ ላይ የሉም፣ አባዬ።»

እትዬ አስናቀች መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ትንሽ አዩት። ከዚያ መስመሩ የሚጀምርበትን ከፍታ በቅቤ በራሰ ጣታቸው ነኩት።

«እኔ እዚህ ጋ ነኝ» አሉ። ጣታቸውን እየጎተቱ እስከ መጨረሻው አወረዱትና ሰብለን ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ ደግሞ እዚህ።»

ሰኞ ሰብለ ወረቀቱን ከነቅቤው ለአስተማሪዋ አስረከበች።

ዛሬም ጥብቅ አባት ነኝ፤ መምከርም አልተውኩም። ያን ቀን በመሳሳቴ ግን ደስ ይለኛል፤ በሩን ስከፍት ምን ዓይነት አባት እንደሆንኩ አይቻለሁ። የወጣው ወጪ ሲደመር ይህ ነው፦ ከእትዬ አስናቀች አንድ ጣሳ ቅቤ፣ ከሰብለ የሁለት ሌሊት እንቅልፍ፣ ከዘነበች በሳቅ የታመመ ጎን፣ ከኔ ደግሞ ዳግመኛ ያልተናገርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «ደጄን አትረግጥም።»