ለማሽኑ ሳይነግር

አጎቴ ቼዝ ሲጫወት ከሁሉ ቀድሞ ዓይኔን የያዘው መዳፉ ነው። ጨዋታው አልቆ ተጋጣሚው ጠጠሮቹን ሊሰበስብ እጁን ሲሰድ፣ አጎቴ ቀኝ መዳፉን ከሰሌዳው በላይ ይዘረጋና «ቆይ፣ መጀመሪያ እይ» ይላል። ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ያው ነው። ሰውየው የንጉሡን መውጫና መግቢያ ፈትሾ «አይቻለሁ» እስኪል መዳፉ እንደ ጃንጥላ ተዘርግታ ትቆያለች። ለረጅም ጊዜ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ግጥም ሁሉ ጽፌበታለሁ፤ ደግነቱ የትም አልታተመም።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሰባ አንድ ዓመቱ። ሠላሳ አራት ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ ጡረታ ወጣ። በየግቢው እየዞረ፣ የብረት ክዳኑን በመንጠቆ እያነሳ፣ ተንበርክኮ የቆጣሪውን መስታወት በአውራ ጣቱ ጠርጎ፣ ያየውን ቁጥር ይጽፋል። የቤት እመቤቶች «እስቲ ዘንድሮ እንኳ ትንሽ ዝቅ አድርግልን» ሲሉት፣ «ውሃውን መልሳችሁ ቱቦው ውስጥ ካስገባችሁት ምን ቸገረኝ» ይላቸዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ ያሙታል። ሐሰት ግን ጽፏል ብሎ ያማው አንድ ሰው የለም።

ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው የቼዝ ክለብ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰው ነው። በክለቡ የማስተርነት ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው ተጫዋች እሱ ነው፤ የሚጠራውም «ንግሥት በኪሱ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ክለቡ ዘንድሮ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ኮሚቴው መጽሔት ሊያሳትም ተነሳ፤ ያንን ቅጽል ስም ያወጣለትን ጨዋታ እንድጽፍም እኔን ጠየቀኝ።

ታሪኩን ክለቡ ውስጥ የማያውቀው የለም። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት የአጎቴ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ቼዝ የሚጫወት አሮጌ ኮምፒውተር እጁ ገባ። ሰሌዳው ራሱ ማሽኑ ነው። ሰው ጠጠር ሲያነሳ የተነሳበትን ቤት፣ ማለትም የሰሌዳውን ካሬ ይጫናል፣ ሲያሳርፍ ያረፈበትን ይጫናል፤ ማሽኑ አጭር ድምፅ ሰጥቶ ይቀበላል። ተራው ሲደርስ በሰሌዳው ጠርዝ ላይ ቀያይ መብራቶች ያበራል፤ ጠጠሩን ሰው ያንቀሳቅስለታል። ዓይን የለውም። የሚያውቀው የተጫኑበትን ብቻ ነው። ሲመጣ በድን ነበር፤ ጠጋኙ ሁለት ወር ሙሉ ሽቦ በሽቦ ፈትሾ ነፍስ ዘራበት። ክለብ አምጥቶም ሁሉንም በተራ አስመታቸው፤ ከአጎቴ በስተቀር።

ያን ጊዜ አጎቴ ልቡ አበጠ። «ንግሥቴን ሰጥቼው እጫወታለሁ» አለ። ንግሥት መስጠት ማለት ከሁሉ የበረታችውን ጠጠር ገና ከመጀመሪያው አውጥቶ ያለ እሷ መግጠም ነው። ጠጋኙ ሳቀበት። «ንግሥት ሰጥቶት የሚያሸንፈው ሰው ከተገኘ ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የኔ እጅ ነው፣ አበላሽቼ ጠግኜዋለሁ ማለት ነው» አለ። እሁድ ከሰዓት በኋላ አርባ ሰው ወንበር ላይ ሳይቀር ቆሞ ሲያይ፣ አጎቴ ንግሥቱን አንስቶ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተታት፤ በሠላሳ አንደኛው እርምጃም የማሽኑ መብራቶች ሁሉ ባንድ ጊዜ ብልጭ ድርግም አሉ። እጅ ሰጠ ማለት ነው። አጎቴን በትከሻቸው ተሸከሙት። ጠጋኙን «ሬዲዮ መስሎህ ነው እንዴ የጠገንከው? እስቲ ዜና ያነብ እንደሆነ ሞክረው» እያሉ ቀለዱበት።

ይህን ነበር ልጽፍ የሄድኩት። የጨዋታውን እርምጃ አንድ በአንድ እንዲነግረኝ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ «ራሴን አሞኛል፣ ረስቼዋለሁ» አለኝ። ያኔ ገርሞኝ ነበር፤ የሃምሳ ዓመት ጨዋታ በቃሉ የሚወጣ ሰው ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ጠዋት ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ደብተሬን ስከፍት አየኝና፣ «ሊታተም ነው አይደል?» አለኝ።

«አዎ ጋሼ። በሚቀጥለው ሳምንት ማተሚያ ቤት ይገባል።»

«በይ ደብተርሽን ክደኚው። ሰምተሽ ስታበቂ ትከፍቺዋለሽ።»

ጠጠር ቀንሶ የሚጫወት ሰው በማሽኑ ጎን ያለውን ቁልፍ ተጭኖ «ይህቺ የለችም» ብሎ መንገር አለበት። ጠጋኙ ቅዳሜውን ሙሉ አሳይቶት ነበር። እሁድ ግን ጭብጨባው፣ ኪስ መክተቱ፣ የሰዉ «ኧረ ጉድ» ማለቱ ተደራርቦ አጎቴ ቁልፉን ረሳው። «ለአርባ ሰው አሳየሁ፣ ለማሽኑ አልነገርኩም» አለኝ። ማሽኑ ዓይን የለውም። ንግሥቲቱ ቤቷ ውስጥ እንደተቀመጠች ነው የሚያውቀው።

እስከ አስራ ስድስተኛው እርምጃ አጎቴም አላወቀም። በጨዋታው እየተጠቃ ነበር፤ ላብ አጥምቆት ነበር። ከዚያ ግንቡን አንስቶ ንግሥቲቱ በተነሳችበት ባዶ ቤት ሊያሳርፍ ሲጫን፣ ማሽኑ በአጭሩ ፈንታ ረጅም ወፍራም ድምፅ አሰማ። እንደገና ተጫነ። እንደገና አይሆንም አለው። ከኋላ አንዱ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ ማሽኑ ራሱ ተቆጣው» ብሎ ሕዝቡን አሳቀ። ጠጋኙ ጣቱ በደንብ ያልተጫነ መስሎት «ጠበቅ አድርገህ ተጫን» አለው።

«ያን ጊዜ ገባኝ» አለ አጎቴ። «ባዶ ነው ብዬ የማስበው ቤት ለእሱ ባዶ አይደለም። ቀና ብዬ ‹ተሳስቻለሁ፣ እንደገና እንጀምር› ማለት ነበረብኝ። አስር ቃል አይሞላም። ግንቡን ወደ ቦታው መለስኩና አንድ ወታደር ገፋሁ።»

የቧንቧው ጠብታ ሰሃን ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል። ስህተት እንዴት በአንድ ወታደር ርምጃ ወደ ሌላ ነገር እንደሚለወጥ ሳስብ ደነቀኝ፤ አንዲት ትንሽ እንጨት፣ አንዲት ቤት ወደ ፊት።

ከዚያ በኋላ አውቆ ተጫወተ። ፈረሱን ማንም ሊበላው በሚችል ቤት ላይ አቆመው፤ ማሽኑ ግን አልነካውም፣ ፈረሱን የሌለችው ንግሥት የምትጠብቀው መስሎት ሸሸ። ሕዝቡ «ወይ ድፍረት!» አለ። አጎቴ ግን ፈርቶ ነበር፤ የማሽኑ ጠጠር መጥቶ ያቺን ባዶ ቤት «በላሁ» ቢል ጉዱ ይፈላል። ስለዚህ አስራ አምስት እርምጃ ሙሉ ባዶ ቤት ሲጠብቅ ዋለ። በመጨረሻ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ሲሉ ሁሉም ያየው መብራቱን ነው። ሰሌዳውን ያየ የለም። ቢያዩ ኖሮ የማሽኑ ንጉሥ አንዲት መውጫ ነበረችው፤ በማሽኑ ሐሳብ እሷን የዘጋችበት ኪስ ውስጥ ያለችው ንግሥት ነበረች።

«በዚህ እጄ» አለ፣ ቀኙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ማንም ሳያይ ጠጠሮቹን ጠራርጌ ሰበሰብኳቸው።»

ጠጋኙ በነጋታው ማሽኑን ፈታው። በወሩም ፈታው። ለዓመታት ሥራ ሲቀዘቅዝ እየፈታ ያልነበረ ብልሽት ሲፈልግ ኖረ። አጎቴ በየሳምንቱ ሱቁ እየሄደ ሻይ ይጠጣል። እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ፤ ጆሮዬን ማስጠጋት ነበረብኝ። «ባትሪ አብራልኝ ይለኛል። ውስጡ ጨለማ ነው፣ እጁ ደግሞ ሁለት ብቻ ነው። አበራለት ነበር።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኩት። መጀመሪያ ጠጋኙ መስማት አለበት አለና ኮቱን አነሳ። ቁልፎቹን እስኪያገኝ ሦስት ጊዜ ከበር ተመለሰ። መንገድ ላይ አንድ የክለብ ሰው «ንግሥት በኪሱ!» ብሎ ከታክሲ መስኮት ሲጠራው፣ ጫማውን እያየ እጁን አነሳለት።

ሱቁ ከአንድ አልጋ ብዙም አይሰፋም። ግድግዳው ሙሉ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮዎች ናቸው፤ የቀለጠ ቆርቆሮ ይሸታል። ጠጋኙ ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ሚስቱ በሩ አጠገብ በጥርስ ብሩሽ የሬዲዮ ቁልፎች ታጸዳለች። ከልጅነቴ ጀምሮ «እትዬ» እያልኳት እዚህ ቤት ያደግሁ ነኝ፤ «ነይ የኔ ግጥም» አለችኝ ስንገባ።

አጎቴ አልተቀመጠም። ቆሞ፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ እኔ ከሰማሁት በአጭሩ ነገረው። ጠጋኙ ብረት ማቅለጫውን ማቆሚያው ላይ አኖረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከታችኛው መደርደሪያ ማሽኑን በጨርቅ እንደተጠቀለለ አወጣው።

«ግንቡን የት ላይ ነበር የምታሳርፈው?» አለ።

አጎቴ አሳየው። ጠጋኙ ጠጠሮቹን ደረደረ፣ ንግሥቲቱን አነሳ፣ ቁልፉን ሳይጫን ጥቂት ተጫወተ፤ ግንቡን ወደ ባዶው ቤት ሲወስደው ያ ወፍራም ድምፅ ወጣ። ደግሞ ተጫነ። ደግሞ ድምፁ ወጣ። ጠጋኙ መሳቅ ጀመረ፤ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ደህና ነበረ!» አለ። «ሰማሽ አንቺ? ምንም አልነበረውም እኮ! ደህና ነው የጠገንኩት!» ማሽኑን እንደ ሕፃን ጀርባውን መታ መታ አደረገው። እኔ የጠበቅሁት ቁጣ ነበር። ሰው በሌላ ሰው ጥፋት እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም።

ወዲያው አጎቴን ወንበር ስቦ አስቀመጠው። «በል አንተ ሰውዬ፣ አሁን በደንቡ። ንግሥትህን ስጠኝ፤ ለእሱም ንገረው።» አጎቴ ቁልፉን ተጭኖ ንግሥቲቱ እንደሌለች ለማሽኑ ነገረው። ተጫወቱ። ጠጋኙ መብራቱን እያየ የማሽኑን ጠጠር በደስታ ያንቀሳቅሳል፤ አጎቴ ጠልቆ እያሰበ፣ ግንባሩን እየጠረገ ይታገላል። አልዋሸም፣ አልሰነፈም። በሃያ ሁለት እርምጃ እጅ ሰጥቶ ንጉሡን አጋደመ። ጠጋኙ የገዛ እጆቹን ገልብጦ ገልብጦ አያቸው።

ያን ጊዜ ነው ሚስቲቱ ብሩሹን ያስቀመጠችው። ዕድሜዋን ሙሉ አጎቴን «አንተ» ስትለው ነው የማውቀው።

«ከዚያ ጨዋታ በኋላ በአራተኛው ወር» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «ሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ማሽኖችን እንዲይዝ በደብዳቤ ጠርቶት ነበር። መጫወቻ መጠገን ያቃተው እጅ ሕፃን የሚተነፍስበትን አይነካም ብሎ መለሰላቸው። መልሱን ፖስታ ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ያን ቀን እዚሁ ነበሩ። ሻይ ቀድቼልዎታለሁ።»

«ተይው እንግዲህ» አለ ጠጋኙ፤ ሳቁ ግን ጠፍቶ ነበር። «ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።»

አጎቴ «እውነት ነው» አለ። የቱን እንደሆነ አልገባኝም፤ የሷን ይሁን የሱን። ተነስቶ ወጣ፣ ተከተልኩት።

መንገዱን ተሻግረን ከአንድ ጫማ ሰፊ ጥላ ሥር ቆምን። ፊቱ አመድ መስሏል። ቀስ ብሎ ሁሉንም ጻፊው አለኝ፤ ቁልፉን፣ ባዶውን ቤት፣ ባትሪውን፣ የሆስፒታሉንም። «ስሜን ለማዳን ብለሽ አንዲት ቃል እንዳታጎድዪ» አለኝ።

«ጓደኛህ ይቅር ማለቱንስ?» አልኩት።

«ማን ይቅር አለኝ? ማሽኑ ደህና በመሆኑ ደስ አለው እንጂ። እኔ ገና ይቅርታ አልጠየቅሁም እኮ።» ይህን ሲል ራሱም ያን ጊዜ ገና የገባው መሰለኝ። ወደ ሱቁ አየ። በሩ አጠገብ ሚስቲቱ ብሩሹን መልሳ አላነሳችም፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«አብሬህ ልምጣ ጋሼ?»

«አይሆንም። ወደ ቤትሽ ሂጂ የእህቴ ልጅ።»

አንድ የጭነት መኪና እስኪያልፍ ጠበቀ። ከዚያ ኮቱን ቆለፈና መንገዱን ተሻገረ፤ ቆጣሪ ሊያነብ እንደሚሄድ ሰው ፈጠን ብሎ ሳይሆን፣ ደጁን እንደማያውቀው እንግዳ፣ አንድ እግሩን ካንዱ እያስቀደመ። ወደ ኋላው አልዞረም።