በመስታወት ውስጥ ያለው ብርኩማ

ከትምህርት ቤት ደብተር ውጭ ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም፤ የተማርኩትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገር ስለማፍር ግን ያየሁትን መጻፍ ይሻለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ የአጎቴ ሚስት እትዬ ብርቄ ልጃቸውን ሩትንና እኔን ይዘው ከምንኖርባት ከኦሮራ አሜሪካ ዴንቨር ከተማ ወደሚገኝ ሙዚየም ወሰዱን፤ የጥንት ግብፃውያን የቤት ዕቃ ሊታይ ነው። ፓርክ ሂል የሚባለውን ሰፈር አልፈን መኪናውን ፓርክ እስኪያደርጉ ድረስ ስለ ፈርዖን ሥልጣኔ ሲያስረዱን፣ እንኳን የፈርዖንን የጎረቤታቸውን ስም የማያውቁ ሴት መሆናቸውን እያሰብኩ አዳመጥኳቸው።

የኩል ብልቃጥ፣ የሸምበቆ ጫማ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ ዳቦ አየን። ከዳቦው ቀጥሎ ባለው መስታወት ውስጥ ብርኩማ ነበር፤ አንገት የሚያርፍበት ላዩ የጎበጠ፣ ባለ አንድ እግር የእንጨት ትራስ። ወዲያው የለጋ ቅቤ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ከመስታወቱ እንዳልመጣ አውቃለሁ፤ የመጣው ከከምባታ፣ ከአባቴ ቤት ነው።

እኛ ቤት ሁሉም የየራሱ ብርኩማ ነበረው። ለመስቀል ሹሩባ ተሠርተን ቅቤ ከተቀባን በኋላ ፀጉራችን እንዳይበላሽ አንገታችንን እሱ ላይ አሳርፈን፣ እንደተገነዘ ሰው ጣሪያ ጣሪያውን እያየን እንተኛለን፤ በእንቅልፍ ልቧ የተገላበጠች ልጅ ጠዋት የመንደሩ መሳቂያ ናት። ትምህርት ያቆምኩ ጊዜ አባቴ ከዋንዛ ግንድ አዲስ ጠረበልኝ። አንገቴን በመዳፉ ለክቶ፣ እያስተኛኝና እያስነሳኝ፣ “ቆረቆረሽ?” ይለኛል፤ አልቆረቆረኝም ብለውም ስለማያምነኝ ራሱ ይተኛበታል፤ ወፍራም አንገቱ አልገባ ሲለው እናቴ “በሬው ቀንበር እምቢ አለ” ብላ እስክታለቅስ ትስቃለች። አባቴ ከሞተ በኋላ ከእጁ ሥራ የቀረኝ እሱ ብቻ ስለነበር በነጠላዬ ጠቅልዬ አሜሪካ ድረስ ይዤው መጣሁ።

እትዬ ብርቄ ሻንጣዬን ሲፈቱ አገኙትና በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው፣ “ይሄ የባዕድ አምልኮ ዕቃ ቤቴ ውስጥ አያድርም” አሉ። ትራስ ነው እንዳልላቸው አፈርኩ። ወደ ጋራዥ ተወረወረ። በኋላ ጋራዡን እየጠረግኩ ብፈልገው አጣሁት።

አሁን እኚሁ ሴት፣ ለድመትና ለበሬ ሲሰግድ የኖረ ሕዝብ አንገቱን ያሳረፈበት እንጨት አጠገብ ቆመው ሻርፓቸውን ያስተካክላሉ።

“ሩት፣ መስታወቱ እንዳያብረቀርቅ አድርገሽ አንሺኝ። አየሽ የንጉሥ ዕቃ?”

ሩት ከታች የተጻፈውን አንብባ፣ “ማሚ፣ የኪንግ አይደለም። ኖርማል ሰው ነው፣ ካርፔንተር” አለቻቸው።

እሳቸው ለንጉሡ ፈገግ እንዳሉ ቀሩ። አናጢው፣ ሚስቱ፣ ፀጉሯ እንዳይበላሽባት ቀጥ ብላ የተኛችው ልጁ፣ ለእሳቸው ሁሉም ከንቱ ናቸው። ለእትዬ ብርቄ ነገር የሚከበረው ፈረንጅ መስታወት ውስጥ አስገብቶ መብራት ሲያበራበት ብቻ ነው። አባቴ የጠረበው ከዚህኛው በምን ያንስ እንደነበር ዞሬ ዞሬ አየሁት። በምንም አያንስም። እንዲያውም የግብፁ አንድ ጎኑ ላይ መጥረቢያ ስቶታል፤ አባቴ ቢሆን ያንን ለሰው አያሳይም ነበር።

የበረሃ አሸዋ የአንድ አናጢ ትራስ ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቆ አቆይቷል። የእትዬ ብርቄ ጋራዥ የአባቴን አንድ ክረምት አላሳለፈም። ይህን እያሰብኩ ሳለ፣ እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም፣ “እትዬ፣ የኔውስ ብርኩማ የት ደረሰ?” አልኳቸው።

ስልካቸው ላይ ፎቷቸውን በጣታቸው እያጎሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ መለሱልኝ።

“ያ ጉማጅ ነው? ባለፈው ሰመር ለባርቤኪው አነደድነው እኮ። ጎድኑን ወደድኩት ብለሽ አልነበር?”