ያልተፈታ የጫት ዙርባ

በጅቡቲ ወደብ አጠገብ ባለች ትንሽ ክሊኒክ በነርስነት ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ፀሐይ ላይ የረሳሁትን ቴርሞሜትር ሳላራግፍ የጽዳት ሠራተኛችን ብብት ውስጥ ሸጎጥኩት። አርባ ሁለት አለ። «ሰው ሊሞት ነው» እያልኩ ኮሪደሩን በሩጫ አመስኩት። ሰውዬው የመጣው ጥርሱን አሞት ነበር፤ ተነስቶ ለእኔ ውሃ ሰጠኝ።

ከዚያ ወዲህ ቴርሞሜትርን ብቻውን አምኜው አላውቅም። ኢንፌክሽን ሰውነትን ሲያናጋ፣ ሴፕሲስ የምንለው ሲመጣ፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ የጉልበት ቆዳ ይዥጎረጎራል፣ ሰውም ይቀባጥራል። ትኩሳት ሊኖር ይችላል፤ ላይኖርም ይችላል።

በዚህ ከተማ ግን ከሰዓት በኋላ ልቡ እየዘለለ የሚቀባጥር ሰው ሁሉ «ጫት ነው» ይባላል። ይህቺ ቃል ስንቱን ወደ ቤቱ መልሳ እንደቀበረች ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ጡረታ ልወጣ ስል አንድ ካቦ፣ የወደብ ሠራተኞች አለቃ፣ ከሠራተኞቹ አንዱን፣ ከድር የሚባለውን ጫኝና አውራጅ ደግፎ አመጣ። የከድር ሚስት ሙና ተከትላቸዋለች።

«ጋሼ፣ ምርቃና ነው። የሚያረጋጋ ነገር ወግተህ መልሰው፣ መርከብ እየጠበቀን ነው» አለ ካቦው።

ለካሁት፤ ሠላሳ አምስት ተኩል። በዚህ ሙቀት እጁ ቀዝቅዟል።

«አየህ፣ ትኩሳት እንኳ የለውም» አለ ካቦው።

«አንተ ዶክተር ነህ እንዴ?» አልኩት።

«አንተስ?» አለኝ። እሱስ ልክ ነበር።

ሙና ከዘንቢሏ አንድ ዙርባ ጫት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ቅጠሉ ጠውልጓል፣ ማሰሪያው ግን አልተፈታም።

«የትናንቱ ነው። ከተጋባን ጀምሮ ከድር ጫት ሳይፈታ ሲያድር አይቼ አላውቅም። ዛሬ ደግሞ ጭራሽ አልገዛም አለ። አባባ፣ ይሄ ሰው ታሟል።»

የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ፋጡማ ይህን ሰምታ ከውስጥ ወጣች። «ትንፋሹን ቁጠር» አለችኝ። እየቆጠርኩ የራሴም አጠረኝ። ጉልበቱ ተዥጎርጉሯል። ቦት ጫማውን ስናወልቅ ሽታው ተቀበለን፤ እግሩ ጠቁሯል።

«ሽቦ ነው የወጋው፣ ትንሽ ነገር ነው» አለ ካቦው። «ብቻ ሥራ ላይ ነው እንዳትሉ።»

ያውቅ ነበር። የሰደብኩትን እዚህ አልጽፈውም፣ የልጅ ልጆቼ ያነባሉ። በአማርኛ ጀምሬ በዐረብኛ ጨረስኩ፤ ዶክተሯ በፈረንሳይኛ ተቀበለችኝ።

ደም ለምርመራ ቀዳን፣ አንቲባዮቲክ ወዲያው በደም ሥሩ ሰጠን፣ ፈሳሽ ለቀቅንለት፣ አምቡላንስ ጠራን። ከድር የእግር ጣቶቹ ተቆርጠው ተረፈ። ካቦው ዛሬም ካቦ ነው።

የቤት ሰው «እንደወትሮው አይደለም» ካለ ቅድሚያ እሱን ስሙ። ትንፋሽ ቁጠሩ፣ ጉልበት እዩ፣ ቁስል ፈልጉ። ጫት ነው ለማለት በኋላ ይደረስበታል።

ለሙና አንድ ሻርፕ አለብኝ። የፈሳሹ መስቀያ ተሰብሮ ስለነበር የትከሻዋን ነጥቄ የፈሳሹን ከረጢት ከመስኮቱ ብረት ጋር አሰርኩበት፤ አምቡላንሱ ሲመጣም ቋጠሮው አልፈታ ቢለኝ በመቀስ ቆረጥኩት። ካርቲየ ሰባት ሰፈር በሄድኩ ቁጥር ምትኩን ልገዛላት ሱቅ እገባለሁ። ቀለሙ ግን ትዝ አይለኝም፣ እሷን ለመጠየቅ ደግሞ አፍራለሁ።