የጋሼ ጣት የሚያርፍበት ቦታ

ሰዉ ሁሉ «እትዬ ጆሮ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የስፌት መኪና ስትጠግን፣ የታመመውን መኪና የምታውቀው በዓይኗ ሳይሆን በጆሮዋ ነበርና። አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ መኪና ባንድ ላይ ሲንጫጫ እሷ በሩ ላይ ቆማ «ሦስተኛው መስመር፣ ከግድግዳው አራተኛዋ፣ ሞተሯ ሊቃጠል ነው» ትላለች። ሄደው ሲያዩ ልክ ናት። ልክ መሆኗን ደግሞ እሷም ታውቀዋለች፤ ትሕትና ከሚባለው ነገር ጋር ብዙም አይተዋወቁም።

ዛሬ ፋብሪካውም ተዘግቷል፣ እሷም ጡረታ ወጥታለች። እጇ ግን ጡረታ አልወጣም። ከምትኖርበት ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ ድሮ ብስክሌት ይቀመጥባት በነበረች ጠባብ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራትና አንድ ካውያ ይዛ በሪሞት የሚነዱ ድንጋይ ወጪ መኪኖችን ትሠራለች። «መጫወቻ» ብሎ የሚጠራቸው ሰው ካለ በሩን ከውጭ በኩል ያየዋል። መኪኖቹ የክንድ ርዝመት ያላቸው፣ ጎማቸው ለስላሳና ጥርሳም፣ አራቱም ጎማቸው የሚገፋ ናቸው፤ ሥራቸው መሮጥ ሳይሆን ገደል መቧጠጥ ነው። እዚህ ሥራ ላይ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ ያውም ከገደል ሥር።

የሷ ሙያ ግን ጎማው ላይ አይደለም። በባትሪውና በሞተሩ መሃል ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ ሳጥን አለ፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ይባላል። ነጂው ሪሞቱ ላይ ያለውን ምላጭ ሲስብ ለሞተሩ ስንት ኃይል እንደሚለቀቅ የሚወስነው እሱ ነው። ነጂው ምላጩን ሲለቅ ደግሞ ሞተሩን ጭምድድ አድርጎ መኪናዋን ዳገት ላይ ቀጥ የሚያደርጋትም እሱ ነው። እትዬ ጆሮ ሽቦውን በልኩ ትቆርጣለች፣ በካውያ ትበይደዋለች፣ ሳጥኑን ውሃ ከማይደርስበትና ጎማ ከማይነካው ቦታ ታጣብቀዋለች፤ ከዚያ የመጨረሻው ሥራ ይመጣል፤ ማስተማር።

አዲስ መቆጣጠሪያ ምንም አያውቅም። ቁልፉን ተጭነው መኪናዋን ያበሩና ምላጩን ነፃ ትተው «ዜሮህ ይሄ ነው» ይሉታል፤ አንዴ ይጮሃል። ምላጩን እስከ መጨረሻው ስበው «ወደፊት ይሄ ነው» ሲሉት ሁለቴ፣ ገፍተው «ወደኋላ ይሄ ነው» ሲሉት ሦስቴ ይጮሃል። ከዚያ በኋላ የተማረውን አይረሳም። እትዬ ጆሮ ይህን ትምህርት ለማንም አሳልፋ አትሰጥም። ባለቤቱ አጠገቧ ቆሞ እያየ እንኳ ሪሞቱን ከእጁ ተቀብላ ራሷ ታስተምራለች። «ከኔ ጠረጴዛ ያላለቀ ሥራ አይወጣም» ትላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ የሚነዱ ሰዎች ክበብ አላቸው፤ እዚያ ካሉት አሥራ አራት መኪኖች አሥራ ሦስቱ በሷ እጅ የተማሩ ናቸው፤ የአሥራ አራተኛው ባለቤት ግትር ሰው ነው።

ጣጣው የመጣባት በገዛ ወንድሟ በኩል ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጣታል፤ ጋሼ ትለዋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ አንድም ቀን ጭነት ሳይደፋ ቁልፉን መልሶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ወንበሩን መስኮቱ ሥር አስጠግቶ ውሎውን እዚያው አድርጎት ነበር። እትዬ ጆሮ መኪና ሠርታ፣ ሪሞት አስጨብጣ፣ እየጎተተች እስክታመጣው ድረስ ምግብ እንኳ የሚበላው ተቆጥተውት ነበር። አሁን ቅዳሜ ሲመጣ ጢሙን ይላጫል። እሷ ይህን ጢም መላጨት እንደ ትልቅ ነገር ነው የምታየው፤ ትልቅም ነገር ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የዓመቱ ውድድር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ክበቡ ለልምምድ ወጣ። ቦታው ድንጋይ ሲፈለጥበት ኖሮ የተተወ ገደላማ ስፍራ ነው። ቀይ የተቀቡ እንጨቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተተክለዋል፤ አሥር በር ማለት ነው። መኪናዋ እንጨት ሳትነካ በየመሃላቸው ማለፍ አለባት፣ በስምንት ደቂቃ ውስጥ። ጋሼ እስከ አምስተኛው በር ጥሩ ሄደ። ስድስተኛው በር ዳገት ላይ ነው፤ መንገዱን ሊያጠና መኪናዋን አቆመ። አልቆመችም። ቀስ ብላ ወደኋላ ተንሸራተተች፣ ድንጋይ ገጫትና ተገለበጠች።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!» አለ የጥርስ ሐኪሙ ከወዲያ ማዶ። የክበቡ ሊቀመንበር እሱ ነው፤ ሰው አፉን ከፍቶለት መልስ መስጠት ሲያቅተው ማየት የለመደ ስለሆነ ቀልዱ አያልቅም።

እትዬ ጆሮ መኪናዋን ከፈተች። ሽቦው ደህና፣ ባትሪው ደህና፣ ሞተሩ ሲዞር ድምፁ እንደ ውሃ ነው። መቆጣጠሪያውን እንደገና አስተማረችውና ራሷ ነዳቻት፤ ስድስተኛው በር ላይ እንደ ምስማር ቆመች። ሪሞቱን ለጋሼ ሰጠችው፤ ተንሸራተተች። ደግማ አስተማረች፤ በሷ እጅ ቆመች፣ በሱ እጅ ተንሸራተተች። በሦስተኛው ጊዜ እትዬ ጆሮ ዓይኗን ከመኪናዋ ላይ አንስታ የወንድሟን ጣት አየች።

ያየችውን አየች። ጣቱ ምላጩ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ይህን ያወቀችው ያን ቀን አልነበረም። ከወራት በፊት ብርጭቆ ሲያነሳ ሻዩ ሲፈስበት አይታ «እርጅና ነው» ብላ አልፋዋለች፤ የሁለት መቶ መኪና ሕመም የሚሰማ ጆሮ የወንድሟን ሊሰማ አልፈለገም። አሁንም ሰው ፊት ታላቅ ወንድሟን ምን ትበለው? ሆድ ይፍጀው ብላ የተገለበጠችውን መኪና አነሳችለት።

ጋሼ መኪናዋን ቦርሳው ውስጥ ከተታት። «በቃ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቋል» አለ። «ለሚነዳት ሰው ስጫት። እኔ ቅዳሜ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም።» ቦርሳውን እግሯ ሥር አስቀምጦላት ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ካውያዋን፣ ሪሞቱንና መኪናዋን ተሸክማ ቤቱ ሄደች። ጢሙን አልተላጨም። ወንበሩ መስኮቱ ሥር ነው። ሆዷ ባባ፤ ግን እትዬ ጆሮ ሆዷ ሲባባ ትቆጣለች እንጂ አትለሳለስም።

«ጋሼ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል» አለችው፣ ገና ሳትቀመጥ።

«ደህና አደርክ ይባላል መጀመሪያ።»

«ደህና አደርክ። እጅህ ይንቀጠቀጣል።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ሰባት ወር ሆነው» አለ። «ሐኪም አይቶኛል። መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።»

«ሰባት ወር! ለኔ ሳትነግረኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? እጁ የሚንቀጠቀጥ ሾፌር ሾፌር ነው?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?»

«መኪናዋም መድኃኒት አላት ልትይኝ ነው?»

«አላት። ደግሞ ታማሚዋ እሷ አይደለችም፣ አንተም አይደለህም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ቃል ከአፏ ሰምቶ ስለማያውቅ ዞሮ አያት።

እትዬ ጆሮ ሌሊቱን ስታስብበት አድራለች። ጋሼ ምላጩን «ለቀቅኩ» ሲል ጣቱ አይለቅም፤ ዕድሜውን ሙሉ ነዳጅ መስጫው ላይ እግሩን እንዳሳረፈ ሁሉ ጣቱንም ያሳርፋል፣ የሚንቀጠቀጠውም እዚያው ባረፈበት ነው። መቆጣጠሪያው የሚያውቀው ዜሮ ግን የሷን ነው፤ ጣቱ ሙሉ በሙሉ የለቀቀ፣ እንደ ድንጋይ የረጋ እጅ ዜሮ። ስለዚህ ጋሼ ቆሜያለሁ ሲል መኪናዋ «ገና ትንሽ ሂጂ ተብያለሁ» ትላለች፤ ፍሬኑም አይይዝም። እሷ አሥራ ሦስት መኪና በራሷ እጅ ስታስተምር፣ የሚነዳው ሌላ እጅ መሆኑ አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም።

ሪሞቱን ሰጠችው። «ያዝ። አንተ ነህ የምታስተምራት።»

«እኔ? አንቺ እያለሽ?»

«እንደለመድከው ያዝ። ጣትህን ማረፊያው ላይ አሳርፈው። እንዳይንቀጠቀጥ አትታገለው፤ ተወው፣ ይንቀጥቀጥ።»

ጋሼ ለሰባት ወር ሲታገለው የኖረውን እጅ መተው ከባድ ሆነበት። ደጋግሞ እጁን ጨበጠ፣ ዘረጋ። ከዚያ ጣቱን ምላጩ ላይ አሳርፎ ተወው። ጣቱ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ጆሮ ቁልፉን ተጫነች፤ መቆጣጠሪያው አንዴ ጮኸ። ወደፊት፤ ሁለቴ። ወደኋላ፤ ሦስቴ።

አላለቀም። ጎማዎቹ ከጣቱ ጋር አብረው ይርገበገቡ ነበር። ሪሞቱ ውስጥ በዜሮው ዙሪያ ያለን ጥቃቅን እንቅስቃሴ እንዳልሰማ የሚያሳልፍ ማስተካከያ አለ። ለሌላ ሰው ሁለት ነው የምትሰጠው። ለጋሼ ሰባት ሰጠችው፣ አልበቃም። ዘጠኝ፤ ትንሽ ቀረ። አሥራ አንድ ላይ ጣቱ እየተንቀጠቀጠ ጎማዎቹ ዝም አሉ። ሁለቱም ጎማዎቹን ትክ ብለው አዩ። የመነሻውን ግፊትም አለዘበችው፣ ምላጩ በድንገት ቢሳብ መኪናዋ እንዳትዘል።

«ፍሬኑ ስንት ነው?» አለ ጋሼ። ድምፁ ተቀይሯል፤ የሾፌር ድምፅ ሆኗል።

«ከመቶ መቶ። ለማንም ከመቶ አሳንሼ አላውቅም።»

«ለዚህ ነዋ ቁልቁለት ላይ አፍንጫዋ የሚደፋው! አሥረኛው በር እኮ ቁልቁለት ነው። አንቺ ጭነት ይዘሽ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እስከ መጨረሻው ረግጠሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ መኪና ነድቼ አላውቅም።»

«ያስታውቃል።»

እትዬ ጆሮ ልትቆጣ ፈለገችና ሳቋ መጣ። የአልጋውን ሳንቃ አውጥተው ወንበሩ ላይ አስደገፉት። ሰማንያ ላይ ዳገቱን ያዘች፤ ሰባ ላይ ሸተት አለች። አፍንጫዋን ወደታች አድርገው ሞከሯት፤ ሰማንያ ላይ ሳትደፋ ቆመች። «ሰማንያ» አለ ጋሼ፤ ሰማንያ አደረገችው። ሊቀመጡ ሲሉ ወንበር አልነበረም፤ መስኮቱ ሥር የነበረው ሳንቃውን ተሸክሟል። መሬት ላይ ተቀመጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ተላጭቶ መጣ። ተራው ሲደርስ ዳኛዋ፣ የጂኦግራፊ መምህርት፣ ሰዓቷን ከፍ አድርጋ «ጀምር!» አለች። ሰዉ ከሱ ኋላ ተሰብስቧል። እጁን ሊደብቅ ቢፈልግ እንኳ መደበቂያ የለውም፤ ሪሞት በሁለት እጅ ነው የሚያዘው። ሁሉም አየ። የጥርስ ሐኪሙ ቀልድ ጀምሮ መሃል ላይ ተወው።

ስድስተኛው በር ላይ ጋሼ መኪናዋን አቆመ። ጣቱ ይርገበገባል፣ የሪሞቱ አንቴና እንኳ ይወዛወዛል። መኪናዋ ግን ከድንጋዩ ጋር የተወለደች ይመስል ቀጥ አለች። ጋሼ አልቸኮለም፤ መንገዱን አጠና፣ ቀኝ ጎማዋን ጠርዙ ላይ አሳረፈ፣ አለፈ። ሰባተኛው፣ ስምንተኛው። ዘጠነኛው ላይ አንድ እንጨት ነካ፤ ነጥብ ተቀነሰበት፣ ግድም አልሰጠው። አሥረኛው ቁልቁለት ላይ ሐሙስ ዕለት አራት መኪና ተደፍቶ ነበር፤ የሱ አፍንጫዋን ወደታች አድርጋ፣ እየቆመች፣ እየወረደች፣ ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ ረጋ ብላ በሩን አለፈች። አሥራ ሁለት ሰከንድ ቀርቶ ነበር።

አንደኛ የወጣው የጥርስ ሐኪሙ ነው። ጋሼ አራተኛ ሆነ። ሐኪሙ ሽልማቱን እንኳ ሳያነሳ ወደሱ መጣ፣ እንደወትሮው አልጮኸም።

«ወንድሜ፣ እጅህን አየሁት» አለው ዝግ ብሎ። «ብትነግረን እኮ ሌላ ሰው እንዲነዳልህ እናደርግ ነበር።»

ጋሼ ቀኝ እጁን ሰው ሁሉ ፊት ዘረጋው። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ አልሰበሰበውም።

«የሚንቀጠቀጠው እጄ ነው» አለ። «መኪናዬ አትንቀጠቀጥም።»

እትዬ ጆሮ ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች። ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም፤ ያን ቀን አለቀሰች፣ ማን እንዳያትም ደንታ አልነበራት። ከኋላዋ ጋሼ ዳኛዋን ለሚቀጥለው ቅዳሜ በስንት ሰዓት እንደሚገናኙ ሲጠይቅ ሰማችው።