የምሳ ዕቃው ቋጠሮ

ባለቤቴ ከሸቤና ከሰርቦ ቡና እየጫነ ጅማ የሚያራግፍ ሹፌር ነበር። አፉ አያርፍም። አንድ ቀን ሰርቦ በተጠራ ስብሰባ ላይ ተነስቶ «የመጫኛ ቦታችንን ለማን ሰጣችሁት?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያው ከአዳራሹ ይዘውት ሄዱ።

ጅማ ጣቢያ ብሄድ ኃላፊው «እንዲህ የሚባል ሰው እኛ ጋ የለም» አለኝ። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ግን፣ ኃላፊው ዞር ሲል፣ ምሳ ዕቃዬን አየና «ቅመሺ» አለኝ። ለእስረኛ ስንቅ ያመጣ ሰው መጀመሪያ ራሱ መቅመስ አለበት። ቀመስኩ፤ ተቀበለኝ። ጉድ እኮ ነው! የለም ለተባለ ሰው ምሳ ይገባለታል።

ምሳ ዕቃው ሲመለስልኝ የተጠቀለለበት ጨርቅ በባለቤቴ ቋጠሮ ተቋጥሯል። የጭነት ሸራ የሚያስርበት ቋጠሮ ነው፤ የማያውቀው ሰው በጎተተው ቁጥር ይብስ ይጠብቃል። ቤት እያለ የዳቦውን ፌስታል ሳይቀር እንደዚያ እየቋጠረ ያናድደኝ ነበር። ያን ቀን ግን ጨርቁን ሳምኩት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንደዚያው ተቋጥሮ ይመለስልኝ ጀመር።

እናቴ «ዝም በይ ልጄ፣ ይብስ ያደርጉበታል» አለችኝ። ዝም ብዬማ አልቀመጥም! የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ብሎ ሕገ መንግሥቱ እንደሚያዝ ከልጄ የሥነ ዜጋ መጽሐፍ አንብቤያለሁ። እሱ ግን ሳምንት ሊሞላው ነው። «ሂጂ» ያሉኝ ጎረቤታችን ሙስሊሟ አሮጊት ብቻ ናቸው። «ጀባዱ፣ በርቺ! አላህ አለ» ብለው ነጠላዬን አስተካከሉልኝ። ፍርድ ቤት ሄጄ አቤቱታዬን አስገባሁ።

ችሎቱ ላይ ኃላፊው ቀርቦ በኦሮምኛ «እኛ ጋ የለም» ሲል ደገመው። ሳልፈታ ያመጣሁትን የትናንቱን ምሳ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና እኔም በኦሮምኛ «ከሌለ ታዲያ ማን በልቶ ቋጠረው?» አልኩ።

«ይህንንማ ማንም ይቋጥረዋል» አለ ኃላፊው።

«እንግዲያው ፍታው» አሉት ዳኛው።

ጎተተው፤ ጠበቀ። በጥፍሩ ሞከረ፤ ላብ አጠመቀው እንጂ ወይ ፍንክች። ዳኛው ወደ እኔ ዞረው «እርስዎ ይችላሉ?» አሉኝ።

«እችላለሁ፤ ግን አልፈታውም። የቋጠረው ሰው ራሱ መጥቶ ይፍታው።»

ዳኛው ባለቤቴ በማግስቱ እንዲቀርብ አዘዙ። አመጡት። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። ምሳ ዕቃውን ሲሰጡት በአንድ ጉተታ ፈታው። ባለቤቴ በዋስ ተለቀቀ።

ወደ ቤት ስንሄድ ክንዴን ይዞ «እንዳለሁ እንድታውቂ ብዬ ነበር እንደዚያ የምቋጥረው» አለኝ። «ፍርድ ቤት ትወስጂዋለሽ ብዬ ግን መች አሰብኩ!»

«ታዲያ የት ልውሰደው?» አልኩት።