«እንብላ» ያለው ሎሌ

ከመንዝ የወጣሁት ሌሊት ነው፤ አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ነው ከመሐል ሜዳ የሚነሣው። ባለቤቴ አስካለ በሶ ቋጥራ ሰጠችኝና፣ «ልጄ ብቻዋን መብላቷ አንጀቴን በላው፤ ሄደው አብረዋት ይብሉ» አለችኝ። ልጃችን ጽጌ ናይሮቢ፣ ባንድ ሐበሻ ባለጸጋ ቤት ሠራተኛ ናት። ዘበኛ ቢጠፋ እኔን ያስጠራችኝ እሷ ናት።

ሞያሌ ላይ ያለው ሹም ወረቀቴን አገላብጦ ሥራዬን ጠየቀኝ። ገበሬ ነኝ አልሁት።

«ታዲያ አባቴ፣ ናይሮቢ ምን ሊያርሱ ነው?»

«በር» አልሁት። ስቆ ማኅተሙን መታልኝ።

የናይሮቢ ብርድ፣ እናንተ መንዝ ያላችሁ፣ ብርድ አይባልም። ዘበኛን አስካሪ፣ ሽማግሌን ምዜ ይሉታል። ኡጋሊ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ አላቸው፤ ቅቤ የለው፣ በርበሬ የለው፣ እንዲሁ ይዋጣል። ይህን ሁሉ ለመድሁ። ያልለመድሁት የቤቱን ሥርዓት ነው። እኔ በር ላይ እበላለሁ፣ ጽጌ ጓዳ። ባንድ ግቢ እየዋልን ባንድ ትሪ አንበላም።

አንድ እሑድ እመቤቲቱ፣ ወይዘሮ ሮማን፣ ዛሬ ሁላችን አንድ ነን ብለው ሳሎን አስገቡን፤ የቤቱ ሰዎች ሶፋ ላይ፣ እኔና ጽጌ ምንጣፍ ላይ። የምናየው ካገር ቤት የመጣ የሚያስቅ ፊልም ነው፣ የጌታና የሎሌ። ሎሌው ምሳውን ሲበላ ጌትየው እንግዶች ይዞ ገባ። ሎሌው አልተነሣም፤ እንደጎረሰ «እንብላ፣ ጌታዬ» አለው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዞር ብል ጽጌም አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች።

እኛ ዘንድ እህል ላይ ያለ ሰው ጳጳስ ቢመጣም አይነሣም፤ ልነሣ ቢል እንኳ «ኧረ በእህሉ» ብለው ያስቀምጡታል። እንብላ ሳይል የሚበላ ደግሞ ሰው አይባልም።

«ምኑ ነው ያሳቃችሁ?» አልሁ።

ወይዘሮ ሮማን እንባቸውን እየጠረጉ፣ «አለማወቁ ነዋ፣ ጋሽ ሽፈራው» አሉኝ።

«ሎሌውማ ያውቃል። ያላወቀው ጌትየው ነው።»

በማግስቱ ለወይዘሮ ሮማን ከልጄ ጋር ካልበላሁ ወዳገሬ እገባለሁ አልኋቸው። የሚታመን ዘበኛ እንደልብ አይገኝም፤ አጉረምርመው ፈቀዱ።

አሁን ጓዳ ካንድ ትሪ አብረን እንቀርባለን። ግን የእመቤቲቱ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ጽጌ እንጀራዋን ጥላ ብድግ ትላለች።

«በእህሉ፣ ልጄ» እላታለሁ።

«አባዬ፣ እንደዚያ ፊልም ላይ እንዳለው ሰውዬ መሳቂያ ልሁን?» ትለኛለች።

ትናንት ምሳ ላይ ሳለን አስካለ ደወለች። አብራችሁ ትበላላችሁ ወይ አለችኝ። አዎ፣ ይኸው ትሪ ላይ ነን አልኋት።

«እስቲ እሷን ያገናኙኝ።»

ስልኩን ወደ ጽጌ ዘረጋሁ። ጽጌ ግን ኮቴ ሰምታ ተነሥታ በሩ ሥር ቆማለች።